ለፊደል ዋስ መሆን፤ በኮምፒዩተር አልጀብራ ለተለዋዋጮች ስለሚሰጥ ቅድመ ግምት

መግቢያ

በኮምፒዩተር አልጀብራ መሥራት የጀመረ ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቅሬታ ሳያሰማ አይቀርም። √(ሀ²)ን፤ ይኸውም «ሀ» በራሱ ተባዝቶ የሚገኘውን ውጤት ስኩዌር ሩት፤ እንዲያቃልልለት ፕሮግራሙን ያዘዋል። ፕሮግራሙም ያንኑ √(ሀ²) ሳይነካ መልሶ ይጽፍለታል። ተማሪውም «ይህን ያህል የተነገረለት መሣሪያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያውቀውን እንኳ አያውቅምን?» ብሎ ይገረማል። እኛም እንዲሁ ብለን ነበር።

የዚህች ጽሑፍ ዓላማ ሦስት ነገሮችን በሚቻለን መጠን መግለጽ ነው። አንደኛ፤ ፕሮግራሙ በዚህ ቦታ ዝም ማለቱ ካለማወቅ ሳይሆን ከጥንቃቄ መሆኑን፤ ሁለተኛ፤ ተማሪው ፊደሉ ምን ዓይነት ቁጥር እንደ ሆነ አስቀድሞ በመናገር ፕሮግራሙን እንዴት ሊያራምደው እንደሚችል፤ ሦስተኛ፤ ይህ አስቀድሞ የሚሰጥ ቃል ሲረሳ ምን ዓይነት ጉዳት እንደሚያመጣ። ይህን ቃል በዚህ ጽሑፍ «ቅድመ ግምት» ብለን እንጠራዋለን። ጉዳቱን የምናውቀው በንባብ ብቻ ሳይሆን በራሳችን ላይ ደርሶ ስላየነው ነው፤ ታሪኩን በቦታው እናቀርባለን።

1ኛ. ስለ ፕሮግራሞቹ ባጭሩ

ተራ የሒሳብ ማሽን የሚሠራው በቁጥር ነው፤ 3ና 4ን ደምር ቢሉት 7 ይላል። የኮምፒዩተር አልጀብራ ፕሮግራም ግን ፊደሉን ፊደል እንደ ሆነ ይዞ ይሠራል፤ (ሀ+ለ)²ን ዘርዝር ቢሉት ሀ²+2ሀለ+ለ² ብሎ ይጽፋል። በተማሪዎችና በመምህራን ዘንድ በብዛት ከሚታወቁት መካከል አራቱን እንጠቅሳለን። ማክሲማ እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ከተጀመረ ሥራ የወረደ ነው። ሜፕል እ.ኤ.አ. በ1980 በካናዳ በዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ። ማቲማቲካ እ.ኤ.አ. በ1988 ለገበያ ቀረበ። ሲምፓይ ደግሞ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን፤ እንደ ማክሲማ ሁሉ ያለ ክፍያ ይገኛል። እኛ የሠራነው በዚሁ በሲምፓይ ነው።

2ኛ. √(ሀ²) ስለ ምን «ሀ» አይሆንም?

ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ሳለን ስኩዌርና ስኩዌር ሩት ይጣፋሉ፤ የሚቀረው ፊደሉ ብቻ ነው ብለን ለምደናል። ልማዱ ፈተና አሳልፎናል፤ እውነት ግን አይደለም። «ሀ» −3 ነው እንበል። በራሱ ሲባዛ 9 ይሆናል፤ የ9 ስኩዌር ሩት 3 ነው። 3 ደግሞ −3 አይደለም። ስለዚህ √(ሀ²)=ሀ የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው «ሀ» ዜሮ ወይም ከዜሮ በላይ ሲሆን ብቻ ነው።

«እንግዲያውስ ምልክቱን ትተን መጠኑን እንውሰድ፤ ይኸውም የ«ሀ»ን ፍጹም ዋጋ |ሀ|ን እንጻፍ» የሚል ይኖራል። ይህ አባባል «ሀ» በቁጥር መስመር ላይ የሚቀመጥ፤ ማለትም ሪል ቁጥር ከሆነ ትክክል ነው። ነገር ግን ኮምፕሌክስ የሚባሉ ቁጥሮችም አሉ። √(−1)ን «ተ» ብለን እንጥራውና «ሀ» ይኸው «ተ» ይሁን። በራሱ ሲባዛ −1 ነው፤ የ−1 ስኩዌር ሩት «ተ» ነው፤ የ«ተ» ፍጹም ዋጋ ግን 1 ነው። እነሆ |ሀ| የሚለውም መልስ በዚህ ቦታ ሐሰት ሆነ።

ስለሆነም ለአንዱ ጥያቄ እንደ «ሀ» ማንነት ሦስት መልስ አለው። «ሀ» ከዜሮ በላይ ከሆነ መልሱ «ሀ» ነው፤ ሪል መሆኑ ብቻ ከታወቀ |ሀ| ነው፤ ምንም ካልታወቀ √(ሀ²) እንዳለ መተው አለበት። ፕሮግራሙ ሳይነካ የመለሰልን ማንነቱን ስላልነገርነው ነው። በማያውቀው ነገር ላይ ምስክርነት አልሰጥም ያለ ሰው ደግሞ የሚወቀስ አይደለም።

ይህ ነገር በስኩዌር ሩት ብቻ የሚወሰን አይደለም። የብዜት ሎጋሪዝም የሎጋሪዝሞች ድምር ነው እንላለን፤ ሁለቱ ቁጥሮች ከዜሮ በላይ ሲሆኑ እውነት ነው። ሁለቱም −1 ቢሆኑ ግን ብዜታቸው 1፤ የ1 ሎጋሪዝም ዜሮ ሲሆን፤ የሁለቱ የ−1 ሎጋሪዝሞች ድምር በኮምፕሌክስ ቁጥሮች ሕግ 2×ፓይ×ተ ይሆናል እንጂ ዜሮ አይሆንም። እንደዚሁም ሳይን(ነ×ፓይ) ዜሮ የሚሆነው «ነ» እንደ 0፣ 1፣ −2 ያለ ክፍልፋይ የሌለው ቁጥር ሲሆን ነው፤ «ነ» ½ ቢሆን ግን መልሱ 1 ነው።

3ኛ. ቅድመ ግምት እንዴት ይሰጣል?

ፕሮግራሞቹ ቃላችንን የሚቀበሉበት መንገድ የተለያየ ነው። ልዩነቱ የአጻጻፍ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን በኋላ እንደምናየው ከስሕተት የሚያድን ወይም ወደ ስሕተት የሚመራ ልዩነት ነው።

በሲምፓይ ቅድመ ግምቱ የሚሰጠው ፊደሉ በሚፈጠርበት ሰዓት ነው። ተማሪው «ሀ»ን ሲፈጥር «ፖዚቲቭ» ብሎ ከመዘገበው፤ ከዚያ በኋላ √(ሀ²) ወዲያው «ሀ» ይሆናል፤ «ሪል» ብሎ ከመዘገበው |ሀ| ይሆናል። «ነ»ን «ኢንቲጀር» ብሎ ከመዘገበው ሳይን(ነ×ፓይ) ዜሮ፤ ኮሳይን(ነ×ፓይ) ደግሞ አርቢው «ነ» የሆነ −1 ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንድ ጊዜ ያለ ግምት፤ ሌላ ጊዜ በግምት የተፈጠሩ ሁለት «ሀ»ዎች ለፕሮግራሙ ሁለት ልዩ ፊደሎች ናቸው። አንዱን ከሌላው ቢቀንሱት ዜሮ አይሆንም፤ በጽሕፈት ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ።

በሜፕል «አሲዩም» በሚባለው ትእዛዝ የተሰጠ ግምት እስኪሰረዝ ድረስ ጸንቶ ይቆያል። ሜፕል ግምት ባለበት ፊደል ጎን እንደ ማዕበል የተጠማዘዘች ትንሽ ምልክት ስለሚያደርግ ተጠቃሚው ፊደሉ ነጻ አለመሆኑን ያያል። «አባውት» ብሎ ቢጠይቀውም ግምቱን ይነግረዋል። ለአንድ ትእዛዝ ብቻ የሚያገለግልና ወዲያው የሚያልፍ ግምት ሲፈለግ ደግሞ «አሲዩሚንግ» የሚባል ቃል አለ።

በማቲማቲካ ግምቱ «ሲምፕሊፋይ» ወይም «ሪፋይን» ከሚባለው የማቃለያ ትእዛዝ ጋር አብሮ ይሰጣል፤ ስለዚህ ውሉ ከተዋዋሉበት ጉዳይ አይርቅም። ማክሲማ ግን ከሁሉ የተለየ ጠባይ አለው። ፊደሎችን ባለመደው አኳኋን እንደ ሪል ቁጥር ስለሚቆጥር √(ሀ²)ን ሳይጠየቅ |ሀ| ያደርገዋል፤ ሥራው ቢቸግረው ደግሞ ቆሞ ተጠቃሚውን «ይህ ፊደል ከዜሮ በላይ ነው፣ ከዜሮ በታች ነው ወይስ ዜሮ ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ግምቱን ከተቀበሉ በኋላ ፕሮግራሞቹ የሚሠሩት አንዱን እውነት ከሌላው በማውጣት ነው። ከዜሮ በላይ የሆነ ቁጥር ሪል ነው፤ ዜሮም አይደለም። ከዜሮ በላይ የሆኑ የሁለት ቁጥሮች ድምርም ብዜትም ከዜሮ በላይ ነው። በዚህ አኳኋን «ሀ»ና «ለ» ከዜሮ በላይ ናቸው ብንል ሀ+ለ ከዜሮ በላይ መሆኑን ሳንነግረው ያውቃል። ሀ−ለ ከዜሮ በላይ ነውን ብለን ብንጠይቀው ግን አዎን ወይም አይደለም አይልም፤ የትኛው እንደሚበልጥ አልነገርነውምና «አይታወቅም» የሚል ሦስተኛ መልስ ይሰጣል። ባልታወቀ ቦታም ነገሩን እንዳለ ይተወዋል። የጥንቃቄው ሁሉ መሠረት ይህ ሦስተኛ መልስ ነው።

ማንኛቸውም ቢሆኑ የማያደርጉት አንድ ነገር አለ፤ የሰጠናቸው ቃል ከጥያቄያችን ጋር መስማማቱን አይመረምሩም። «ዘ» ከዜሮ በላይ ነው ካልን ለፕሮግራሙ ከዜሮ በላይ ነው፤ አበቃ። በአገራችን ዋስ የሆነ ሰው ለሌላው ቃሉን ይሰጣል፤ ያ ሰው ቢጠፋ ዕዳውን የሚከፍለው ዋሱ ነው። ቅድመ ግምት የሚሰጥ ተማሪም ለፊደሉ ዋስ ገብቷል ማለት ነው።

4ኛ. በእኛ ላይ የደረሰው

ለፊዚክስ ትምህርት አንድ ዘገባ በቡድን እንድናዘጋጅ ታዘን ነበር። ጥያቄው እንደ ምጣድ ክብና ዝርግ በሆነ፤ የኤሌክትሪክ ቻርጅ በእኩል በተሰራጨበት ስስ ዲስክ ዙሪያ ስላለው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። በዲስኩ መካከል ቀጥ ብሎ በሚያልፈው መስመር ላይ ከላይም ከታችም ያለውን ሁኔታ በሥዕል ማሳየት ነበረብን። የዲስኩን ሬዲየስ «ረ»፤ ከዲስኩ ያለውን ከፍታ «ዘ»፤ በቻርጁ መጠን የሚወሰነውን ቋሚ ቁጥር «ቀ» እንበል። በዚያ መስመር ላይ ያለው ፖቴንሺያል የሚከተለው ነው።

ቀ × ( √(ዘ²+ረ²) − √(ዘ²) )

√(ዘ²) የምትለው ክፍል ዓይናችንን ወጋችው። እንድታጥርልን ብለን በሥራችን መጀመሪያ መስመር ላይ «ዘ»ን «ፖዚቲቭ» ብለን መዘገብነው። ፕሮግራሙም ወዲያው አሳጠረልን።

ቀ × ( √(ዘ²+ረ²) − ዘ )

ከዚህ ፖቴንሺያሉ ከከፍታው ጋር የሚለዋወጥበትን መጠን አውጥተን፤ ምልክቱን ገልብጠን የኤሌክትሪክ ፊልዱን አገኘን።

ቀ × ( 1 − ዘ/√(ዘ²+ረ²) )

ቃሉ አጭር፤ መልኩ ያማረ ነበር። ከዚያም ከአርባ መስመር ያህል በኋላ ይህንኑ ቀመር ይዘን፤ «ዘ»ን ከዲስኩ በታች ካለው ቦታ አንሥተን ከበላዩ እስካለው ድረስ ሥዕሉን አወጣን። ሥዕሉንም በዘገባው ላይ ለጠፍን፤ ከሥሩም ማብራሪያ ጻፍንለት። ዘገባው በማግስቱ የሚሰጥ ነበር።

በዚያች ሌሊት ከመካከላችን አንዱ ሥዕሉን ቢመለከት «ዲስኩ ላይና ታች የለውም፤ ብንገለብጠው ያው ዲስክ ነው። ታዲያ ሥዕሉ ስለ ምን ከላይና ከታች አይመሳሰልም?» ብሎ ጠየቀ። ቁጥር አስገብተን አየን። ከዲስኩ በላይ በሬዲየሱ ያህል ርቀት፤ ዘ=ረ ሲሆን፤ ፊልዱ ቀ×0.293 ነው፤ አቅጣጫው ወደ ላይ፤ ከዲስኩ የሚርቅ ነው። ከዲስኩ በታች በዚያው ርቀት፤ ዘ=−ረ ሲሆን፤ ቀመራችን የሰጠን ቀ×1.707 ነው፤ አቅጣጫው አሁንም ወደ ላይ፤ ማለትም ወደ ዲስኩ። እንግዲህ በእኛ ሥዕል መሠረት አንዱ ዲስክ ተመሳሳይ ቻርጅ ያለውን ቅንጣት ከላይ ሲገፋው ከታች ይስበዋል። ይባስ ብሎ ወደ ታች በራቅን መጠን ፊልዱ እየደከመ መሄድ ሲገባው እየበረታ ወደ 2×ቀ ይጠጋል። እንዲህ ያለ ዲስክ በዓለም ላይ የለም።

የመጀመሪያው ሐሳባችን ፕሮግራሙ ተሳስቷል የሚል ነበር፤ ይህን ስንጽፍ እናፍራለን። ሁለት ሰዓት ያህል የፕሮግራሙን ስሕተት ስንፈልግ ቆየን። በመጨረሻ የመጀመሪያውን መስመር ስናነብ የገዛ ቃላችንን አገኘነው። ፕሮግራሙ ከዜሮ በላይ ለሆነ «ዘ» ትክክለኛውን መልስ ሰጥቶን ነበር፤ ቃላችንን አፍርሰን ከዜሮ በታች ወዳለው የወሰድነው እኛ ነን። ሲምፓይም ግምት ባለበት ፊደል ላይ እንደ ሜፕል ምልክት ስለማያደርግ የሚያስታውሰን አልነበረም።

«ዘ»ን «ሪል» ብቻ ብለን እንደገና ስንጀምር √(ዘ²) |ዘ| ሆነ። ከዲስኩ በታች |ዘ| ማለት −ዘ ማለት ስለሆነ፤ በፊልዱ ቀመር ውስጥ የ1 ቦታ በ−1 ይያዛል፤ በ ዘ=−ረ ላይ የሚገኘውም −1+0.707 ነው። መልሱ ቀ×(−0.293) ሆነ፤ መጠኑ ከላይኛው ጋር እኩል፤ አቅጣጫው ተቃራኒ። ቀመሩ ከፊተኛው ጥቂት ረዘም አለ፤ ነገር ግን እውነት ነበር። ዘገባውን እስኪነጋ ድረስ እንደገና ጻፍነው።

ከዚህ የተማርነው ይህ ነው። ስሕተቱ ከባድ የሆነው ዝምተኛ ስለሆነ ነው። ፕሮግራሙ አላስጠነቀቀም፤ ቀመሩ አላስቀየመም፤ ሥዕሉም ቀጥ ያለና ያልተቆራረጠ ነበር። ይልቁንም ትክክለኛው ሥዕል ነው በዲስኩ ላይ ሲደርስ ተቋርጦ የሚዘለው። ማማሩ የእውነተኛነት ምስክር ሆኖ ታየን።

5ኛ. ግምት ሲጎድልስ?

እስካሁን ያየነው ግምት የበዛበትን ነው፤ የጎደለበትንም ባጭሩ እንመልከት። በራዲዮአክቲቭ መፈራረስም ሆነ በኤሌክትሪክ መስመር ጥናት ዘወትር የሚገኝ አንድ ኢንተግራል አለ፤ እርሱም አርቢው −ለ×ሀ የሆነው የተፈጥሮ ሎጋሪዝም መሠረት ከ«ሀ» ዜሮ ጀምሮ እስከ ወሰን የለሽ ድረስ ሲደመር ነው። «ለ» ከዜሮ በላይ ከሆነ መልሱ 1/ለ ነው። «ለ» ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ከሆነ ግን ድምሩ ያለ ወሰን ያድጋል፤ መልስ የለውም። ስለ «ለ» ምንም ካልነገርናቸው ማክሲማ ቆሞ ይጠይቃል፤ ሲምፓይና ማቲማቲካ 1/ለ ብለው መልሱ የሚሠራበትን ሁኔታ አብረው ይጽፋሉ። ብዙ ተማሪዎች ይህን እንደ ማስቸገር ይቆጥሩታል። እኛ ግን እንደ ስጦታ መቆጠር አለበት እንላለን፤ መልሱ ከየት እስከ የት እንደሚያገለግል የሚናገረው ይኸው ጽሑፍ ነውና።

ፕሮግራሞቹ ራሳቸው ሳይናገሩ ዋስ የሚሆኑበትም ጊዜ አለ። አርቢው «ነ» የሆነ «ሀ» ኢንተግራሉ ምንድን ነው ብንል ሜፕልና ማቲማቲካ አርቢው ነ+1 የሆነ «ሀ» ለነ+1 ተካፍሎ ብለው ይመልሳሉ። ይህ ለሁሉም ይሠራል፤ «ነ» −1 ሲሆን ግን በዜሮ ማካፈል ስለሚሆን አይሠራም፤ የዚያን ጊዜ መልሱ ሎጋሪዝም ነው። ሲምፓይ ሁለቱን ለይቶ ይጽፋል፤ ማክሲማም «ነ ከ−1 ጋር እኩል ነውን?» ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ አንባቢ የሚጠቀምበት ፕሮግራም የትኛውን ልዩ ሁኔታ በዝምታ እንደሚያልፍ ማወቅ ይገባዋል።

ቅድመ ግምት በበቂ ከተሰጠ ሁሉም ነገር ይቃለላል ማለትም አይደለም። ዳንኤል ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናት፤ እንደ ሳይንና ፍጹም ዋጋ ያሉትን ተራ ፈንክሽኖች የያዘ ማንኛውም ቀመር ዜሮ መሆኑንና አለመሆኑን ሁልጊዜ ሊለይ የሚችል አንድ አጠቃላይ ዘዴ እንደሌለ አረጋግጧል። ሁለት ቀመሮች እኩል ናቸውን ብሎ መጠየቅ ልዩነታቸው ዜሮ ነውን ብሎ መጠየቅ ስለሆነ፤ የማቃለል ሥራ ፍጹም ወሰን አለው። ይህም የፕሮግራም ጸሐፊዎች ስንፍና ሳይሆን የሒሳብ ሕግ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተጻፈው ተነሥተን ለባልንጀሮቻችን አራት ምክር እናቀርባለን። አንደኛ፤ ለሥራው የሚበቃውን ትንሹን ግምት ብቻ መስጠት፤ «ሪል» ከበቃ «ፖዚቲቭ» አለማለት። ሁለተኛ፤ ግምቱን ከተቻለ ለአንዲት ትእዛዝ ብቻ መስጠት፤ የሚጸና ከሆነም በየጊዜው ፈልጎ ማንበብ። ሦስተኛ፤ መልሱን በማስታወሻም ሆነ በዘገባ ሲጽፉ ግምቱን ከጎኑ መጻፍ፤ «ዘ ከዜሮ በላይ ሲሆን» የሚሉት አራት ቃላት በእኛ ወረቀት ላይ ቢኖሩ ያች ሌሊት አትባክንም ነበር። አራተኛ፤ ሥራው ሲያልቅ ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ አንዳንድ ቁጥር አስገብቶ የመጀመሪያውን ቀመር ከተቃለለው ጋር ማስተያየት፤ ይህ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ግምት መስጠት የተከለከለ ነገር አይደለም፤ ያለ እርሱ ብዙ ሥራ አይሄድም። ሬዲየስ ከዜሮ በታች አይሆንም፤ ክብደትም እንዲሁ፤ ይህን ለፕሮግራሙ መናገር ያወቅነውን ማካፈል ነው። ያወቅነውን መናገርና መልሱ እንዲያጥርልን የምንመኘውን መናገር ግን ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። እኛ በ«ረ» ላይ የሰጠነው ቃል የመጀመሪያው ዓይነት ነበር፤ በ«ዘ» ላይ የሰጠነው ሁለተኛው። ፕሮግራሙ ሁለቱን አይለይም፤ መለየት የተጠቃሚው ፋንታ ነው።